ምልክት እስኪያሳይ

በዚያ መንገድ ላይ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው። አንድ ቀን ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ክዳኑ በተነሣ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ሲጠርግ ያየው ቀልደኛ ጎረቤት፣ «ዶክተር፣ በሽተኛው ይተርፋል?» ብሎ ጠየቀው፤ እሱም ቀና ሳይል፣ «ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ» ሲል መለሰ። ከዚያ ወዲህ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ተረሳ። ለፌዝ የወጣው ስም ውሎ ሲያድር ማዕረግ ሆነ፤ ማዕረግ መሆኑንም ከሁሉ አስቀድሞ ያመነው ራሱ ባለቤቱ ነበር።

ሱቁ ጠባብ ናት፤ ከአንድ መድኃኒት ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። በመደርደሪያዎቿ ላይ ብርሃናቸው የጠፋ ስክሪኖች፣ ጥርሳቸው የረገፈ ኪቦርዶች፣ እንደ አንጀት የተጠላለፉ ገመዶች ተከምረዋል። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ፣ የገባ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ምልክት ያላሳየ ማሽን አይከፈትም።»

ይህች ሕግ ያለ ምክንያት አልወጣችም። ተለማማጅ ሳለ ምንም ያልነካውን ኮምፒውተር «ለማንኛውም ልየው» ብሎ ከፍቶ ገድሎት ነበር። ጌታው በደንበኞች ፊት በጥፊ ካጮለው በኋላ፣ «ደህናውን ነገር የሚነካካ ጠጋኝ አይደለም፤ አጥፊ ነው» አለው። የጥፊው ትኩሳት በማግስቱ በረደ፤ ቃሉ ግን እንደ ምስማር ተመትቶ ቀረ። ሌሎች ጠጋኞች የመጣላቸውን ፍላሽ ሁሉ «ቫይረስ አለበት» እያሉ ባለቤቱን ሲያስደነግጡ፣ እሱ የደህናውን ዕቃ ሳይነካ ይመልስ ነበር። ስለዚህም ታመነ። መታመን ደግሞ ለአንዳንዱ ሰው ሸክም ነው፤ ለአንዳንዱ መጠጥ ነው። ለእሱ መጠጥ ሆነ።

ሰዎች ዕቃ ባይበላሽባቸውም ለመጠየቅ ብቻ ይመጡ ጀመር። አንድ ጡረተኛ መምህር ፍላሻቸውን በመሐረብ ጠቅልለው፣ የሞተ አይጥ የያዙ ይመስል በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ገቡ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይኼ ነገር ወደ ሰው ይተላለፋል?»

«እንደ አያያዝዎ ነው፣ አባባ። ይልሱታል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም።

«ኪቦርዱን በአልኮል ብጠርገውስ?»

«ይጠርጉት፤ ቢያንስ እድፉ ይለቃል። የኮምፒውተር ቫይረስ ሰው የጻፈው ትእዛዝ ነው። ሥጋ የለው፣ ደም የለው። ከማሽን ወደ ማሽን እንጂ ከማሽን ወደ አባባ አይሻገርም።»

«ታዲያ ቫይረስ ለምን ተባለ? ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?»

«ግብራቸው ስለሚመሳሰል ነዋ። ሁለቱም ብቻቸውን ምንም ናቸው። የሰው ቤት ይገባሉ፤ የቤቱን ሠራተኛ ሁሉ የራሳቸውን ቅጂ እንዲያባዛ ያዙታል፤ ምስኪኑ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ያባዛል።»

«ማሽኑን አጥፍቼ ብተወው ይሞታል?»

«አይሞትም፤ ይተኛል። ግን ምን ቸገረዎ? ሲነቃ ያምጡት። ጠርገን፣ አጥበን፣ እንደ አዲስ ጭነን እንመልስልዎታለን።»

ይህ ሁሉ ትክክል ነበር። ሰውየው በሙያው ውስጥ አላዋቂ አልነበረም። ጥፋቱ የተጀመረው የተጠየቀውን ሁሉ መመለስ የጀመረ ጊዜ ነው።

በሌላ ቀን ጉንፋን የጣለው ሾፌር በማስነጠሱ መካከል፣ «ለእኔስ ቫይረስ ምን ትለኛለህ?» አለው። ዶክተር ለአፍታም ሳያመነታ፣ «አንቲባዮቲክ ዋጥበት፤ የሰው አንቲቫይረስ ማለት እሱ ነው» ሲል አዘዘ። ያን ጊዜ የጎረቤቱ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት የተበላሸ ፕሪንተሯን ለጥገና ሰጥታ ልትሄድ ከኋላ ቆማ ነበር።

«ወንድሜ፣ ሆድህን በከንቱ አታሳምም» አለችው ሾፌሩን። «አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ይልቅ ተኛ፣ ፈሳሽ ጠጣ፣ በራሱ ጊዜ ይለቅሃል።» ከዚያም ወደ ዶክተር ዞራ፣ «አንተ ስክሪንህን አክም። በዚህ አያያዝህ ነገ ማዋለድም ትጀምራለህ» አለችው።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ዶክተርም አብሮ ሳቀ፤ ነገር ግን ያ ሳቅ ወደ ሆዱ አልወረደለትም፤ ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ቆመ። ፕሪንተሯን ከመደርደሪያው ጥግ አስቀመጠና ሆን ብሎ ረሳው።

ይህ ሰው በሕይወት የቀረችለት አንዲት ታላቅ እኅት ነበረችው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ ከትምህርት ገበታ ተነሥታ ከስፌት መኪና ጋር ተቆራኘች፤ እሱ ተማረ። በኋላ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። የቀረቻት ብቸኛ ልጅ አድጋ በአንድ ዳቦ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ሆናለች። እናትና ልጅ የሚኖሩት ቀን ስፌት ቤት፣ ሲመሽ መኝታ ቤት በሚሆን አንድ ክፍል ነው። እኅትየው የደንበኛ ወገብ እየለካች እንኳ ነገሩን አዙራ አዙራ፣ «ወንድሜ ዶክተር ነው፤ የኮምፒውተር» ትላለች። «የኮምፒውተር» የምትለዋን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገራት።

እሱ ግን ሱቁ ድረስ ስትመጣበት ደስ አይለውም ነበር። «እትዬ፣ ወደዚህ ስትመጪ ተራግፈሽ ነይ፤ ክር በክር ሆነሽ ሰው ፊት አትቁሚ» ብሏታል። እሷም አልተቀየመችም፤ የደጃፉን ደረጃ ከመውጣቷ በፊት ቆማ ቀሚሷን ታራግፍ ጀመር።

አንድ ጠዋት ባለቤት የሌለው ቡችላ በተከፈተው በር ገብቶ ከስፌት መኪናው መርገጫ ሥር ተወሸቀ። ሲራመድ የኋላ እግሮቹ ይጠላለፉበታል። እኅትየዋን አንጀቷን በላት። «ና እስቲ፣ የኔ ምስኪን» ብላ እጇን ብትሰድድለት፣ ድምፅ ሳያሰማ ከአውራ ጣቷ ሥር ነከሳት፤ ነክሶም አልለቅ አለ። ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር የነበረችው ልጅ ደርሳ በማጅራቱ ይዛ ስታላቅቀው፣ የእሷንም ክንድ ጫረው፤ በጥርሱ ይሁን በጥፍሩ አልለየችውም። ቡችላው እየተንገዳገደ ወጥቶ ሄደ። እናት እጇን በጨርቅ ቁራጭ ጠምጥማ አሰረችው።

«ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለች ልጅቷ።

«አጎትሽ እያለ? መጀመሪያ እሱን እንጠይቅ እንጂ። የቫይረስ ነገር የእሱ አይደል?»

ሱቁ ሲደርሱ ሰው ሞልቶ ነበር። ጡረተኛው መምህር አሉ። ፋርማሲስቷም የቆየባትን ፕሪንተር ልትጠይቅ መጥታ ባንኮኒውን ተደግፋ ቆማለች። እኅትየው ደጃፉ ላይ ቀሚሷን በደህና እጇ አራግፋ ገባችና የታሰረውን እጇን ወደ ወንድሟ ዘረጋች።

«ቡችላ ነክሶኝ ነው፣ ወንድምዬ። ልጅቷ ጤና ጣቢያ ካልሄድን ብላ ያዘችኝ። እኔ ደግሞ ቫይረስ ከሆነ መጀመሪያ አንተ እየው ብዬ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ፋርማሲስቷ አልሳቀችም፤ ከባንኮኒው ቀና አለች።

«እትዬ፣ አሁኑኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ እጠቢው፤ ቶሎ አትተዪው፣ ደጋግመሽ እጠቢው። ከዚያ በቀጥታ ሄደሽ ተከተቢ። የእብድ ውሻ ቫይረስ ቀልድ አያውቅም።»

እሷ ባትቀድመው ኖሮ ዶክተር ራሱ «ሂጂ» ይላት ነበር። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ከሌላ አፍ ሲወጣ ግን ቃሉ ጠላት ሆነበት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ እጁን አንሥቶ። «ውሻው ለሃጩን ያዝረበርብ ነበር?»

«ኧረ የለም።»

«ሰው ያሳድድ ነበር?»

«መራመድ መቼ ችሎ።»

«ታዲያ እብድ ውሻ ማለት ለሃጩን እያዝረበረበ ያገኘውን የሚናከስ ነው። ይኼ ቡችላ ነው። አስደነገጥሽው፣ ነከሰሽ። በቃ።»

«እንደዚያ ብቻ አይደለም» አለች ፋርማሲስቷ። «እግሩ የሚከዳው፣ ዝም ብሎ የሚወሸቀውም አለ። ባሰ እንጂ አልተሻለም።»

ዶክተር እንዳልሰማ ሆኖ እኅቱን መመርመር ያዘ። «አሁን ትኩሳት አለሽ?» የለኝም አለች። «ራስሽን ያምሻል?» አያመኝም አለች። እሱም ጣቱን ወደ ግድግዳው ማስታወቂያ ቀሰረ።

«ምልክት የለም። ምልክት ካሳየ ያን ጊዜ ይታከማል።»

«ምልክት ካሳየማ አይታከምም» አለች ፋርማሲስቷ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የምነግርህ እኮ ይኼንን ነው። አንዴ ምልክቱ ከመጣ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውንስ ሰምተሻል? አንቺ መድኃኒት ሻጭ ነሽ፤ ለገበያሽ ብትሟገቺ አልፈርድብሽም።»

ሰው ሳቀ። በዚህ ጊዜ ሳቁ የእሱ ነበር፤ ጉሮሮው ላይ ቆሞ የቆየው አጥንት ሲወርድለት ተሰማው።

«ክትባቱ እኔ ዘንድ የለም። ያለው ጤና ጣቢያ ነው» አለች።

«ልጄ፣ ብትሄድስ ምን ይቀርባታል?» አሉ መምህሩ በለዘበ ድምፅ።

ምንም አይቀርባትም ነበር። የሚቀርበት እሱ ነው። ስለዚህ ወደ እኅቱ ዞረና መጠየቅ የማይገባውን ጠየቃት።

«እትዬ፣ ሰው ፊት ተናገሪ። የምታምኚው እኔን ነው እሷን?»

እኅትየው ዙሪያዋን አየች። ያ ሁሉ ሰው የእሷን መልስ ሲጠብቅ በዕድሜዋ የመጀመሪያው ነበር። «አንተን ነዋ» አለች። «ያስተማርኩህ ለዚህ አይደል?»

«ጋሼ፣ እኔንም እኮ ጭሮኛል» አለች ልጅቷ፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችው።

«የአንቺን ለማየትማ ማይክሮስኮፕ ያስፈልገናል» አለ ዶክተር። ሰው ዳግመኛ ሳቀ።

ፋርማሲስቷ ፕሪንተሯን ከነብልሽቱ ተሸክማ ወጣች። በመንገድ ላይ ልጅቷ እናቷን ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ ብታኮርፍ፣ እናት አልሰማ አለች። «ሰው ፊት አምንሃለሁ ብዬው ወጥቼ፣ በጓሮ ዞሬ ልከተብ? አጎትሽን እንዲህ አላዋርደውም። አንቺም ሄደሽ ብትከተቢ ዓይንሽን አላየውም።» ቤት ሲደርሱ እጇን ታጠበች፤ ደሙ ደርቆ ነበርና በኃይል አልፈተገችውም።

ቁስሉ ዳነ። ቡችላው ቦይ ውስጥ ሞቶ መገኘቱን ጎረቤት ሲነግራት፣ እኅትየው ለወንድሟ ነገረችው። «የመንገድ ቡችላ ስንት ዘመን እንዲኖር ፈልገሽ ነበር?» አላት። ጠባሳው ከደረቀ በኋላም፣ በዚያ በኩል ስታልፍ ክንዷን ይዞ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ አቆማትና እጇን ገለበጠ።

«ይኸውልሽ፣ በሽተኛዬ» አለ ወደ ውስጥ። «ያለ መርፌ፣ ያለ ኪኒን።»

ፋርማሲስቷ ጠባሳውን አየች፤ ሴትየዋን አየች። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ በሰው ፊት እንደ ገና መዘባበቻ መሆን ሰለቻትና፣ «እንኳን ዳንሽ፣ እትዬ» ብላ ወደ መደርደሪያዎቿ ተመለሰች።

ጊዜ አለፈ። ክረምቱ ሲወጣ የእኅትየው እጅ ጠባሳው ላይ ያሳክካት ጀመር፤ ቀጥሎም ጉንዳን እንደሚሄድበት ወረራት። የሥራ ብዛት ነው አለች። ከዚያ ትኩሳት መጣ፣ እንቅልፍ ጠፋ፣ የሚዘጋ በር ድምፅ ያስበረግጋት ጀመር። በአንድ ረፋድ ልጅቷ ከዳቦ ቤት ፈቃድ ወስዳ ዶክተርን ይዛው መጣች።

እኅቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «ወንድምዬ» አለችው፤ አእምሮዋ ሙሉ ነው፤ ፈገግም ብላለች። «ውኃ ጠምቶኛል፤ ግን መዋጥ ተሳነኝ።» ልጅቷ ብርጭቆውን አቀረበች። ብርጭቆው ገና አፏ ሳይደርስ የእናት አንገት ተገተረ፤ ጉሮሮዋ በገዛ ራሱ ተቆለፈ፤ ጀርባዋን እስከ ግድግዳው አሽሽታ ብርጭቆውን እንደ እባብ አየችው። ልጅቷ ብርጭቆውን ስታርቅላት እናት ተረጋጋች፤ አፈረችም። «ይኼ ምን የሚሉት ሞኝነት ነው» አለች። «ሰው ውኃ ይፈራል?»

ዶክተር ስልኩን አወጣና ማንበብ ጀመረ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም ጊዜ አንብቦ አያውቅም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የተበላሸውን አጥፍቶ፣ ከመጠባበቂያው ቅጂ መልሶ ሲጭን የኖረ ሰው፣ ቅጂ የሌለው ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ቆሞ አነበበ። እስከ መጨረሻው ሳይደርስ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሆስፒታል ወሰዷት። ከቤቷ ደግፋ ያመጣቻት አንዲት ጎረቤት አብራቸው ነበረች፤ ያየችውን ሳትናገር የማታድር ሴት ናት። ሐኪሙ በዕድሜ የገፋ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በእኅትየዋ ፊት ላይ በእጁ ትንሽ ነፋስ ሲያራግብ ጉሮሮዋ እንደ ገና ተያዘ። ሐኪሙ መስኮቱን ዘጋ፤ መብራቱን ቀነሰ።

«ውሻ ነክሷት ያውቃል?»

ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞረች። ጎረቤቲቱም ዞረች።

«ነክሷት ነበር» አለ ዶክተር። «ተከተቢ ብያት ነበር፤ እምቢ አለች። መርፌ ትፈራለች።»

መርፌ ከጣቷ ሳይለያት የኖረችው ሴት በአልጋዋ ላይ ሆና ይህን ሰማች። ወንድሟን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጎረቤቲቱንም አየች። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «እውነቱን ነው» አለች ለሐኪሙ። «ፈርቼ ነው። እሱስ መክሮኝ ነበር።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ያ ውሻ ሌላ የነከሰው፣ የጫረው፣ የላሰው ሰው አለ?»

ዶክተር አሰበ። ልጅቷ ተጭራ ነበር ካለ፣ «እሷስ ስለ ምን አልተከተበችም?» ይባላል። መርፌ ትፈራለች ማለት ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም።

«የለም» አለ።

ልጅቷን በክርኗ ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣት። «ስሚኝ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገ በጠዋት ሌላ ጤና ጣቢያ ራሴ ወስጄ አስከትብሻለሁ። ምልክት እስካላሳየሽ ድረስ ጊዜ አለሽ፤ አሁን አንብቤዋለሁ። እዚህ ግን አትናገሪ። እናትሽ ራሷ የሸፈነችውን አንቺ አትግለጪው።»

«እናቴ የሸፈነችው የአንተን ስም ነው» አለች ልጅቷ። «ክንዴን አይደለም።»

«ነገ አልኩሽ እኮ።»

«ጋሼ፣ እጄን ልቀቅ።»

ለቀቃት። ተመልሳ ገባችና እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። «ዶክተር፣ እኔንም ጭሮኛል» አለች ለእውነተኛው ሐኪም። «እናቴ መርፌ ፈርታ አይደለም። የዚያኑ ዕለት ልንከተብ ስንል እሱ ቆዩ አለን። እኔንም አይቶኛል፤ ያውቃል።»

ሐኪሙ ነርሷን ጠርቶ ልጅቷን ወደ ክትባት ክፍል እንድትወስዳት አዘዘ፤ ምልክት ከሌላት አሁንም ይደርሳል፣ ክትባቱንም እስከ መጨረሻው ድረስ ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት አለ። «ይደርሳል» የሚለውን ቃል እናት ሰማች። ለእሷ እንደማይደርስም የገባት ያን ጊዜ ነው።

ወንድሟ ደፍ ላይ ቆሟል። አንገቷን ከትራሱ አነሣች።

«ልጄንም?» አለችው።

ሌላ አልተናገረችውም። መልስም አልጠበቀችም። ሐኪሙ ሕመሟን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሰጣት፤ ከዚያ በኋላ የነቃችባቸው ጥቂት ጊዜያት የምትፈልገው ልጇን ብቻ ነበር፤ የእሱ ድምፅ ሲሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች። ሞት መጣ፤ ከሩቅ ለሰማ ሰው ቶሎ መጣ፤ አልጋው አጠገብ ለነበሩት ግን ዘገየ።

ለኀዘን ሰው መምጣት ሲጀምር፣ የስፌት መኪናው ወደ ጥግ ተገፍቶ በቦታው ወንበሮች ተደረደሩ። ዘመዶች ልጅቷ አጎቷን ከቤት ታባርረዋለች ብለው ፈርተው ነበር። አላባረረችውም። ከበሩ አጠገብ፣ ገቢ ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ወንበር አደረገችለት።

«እዚህ ተቀመጥ፣ ጋሼ» አለችው። «ሰው ይጠይቃል። መመለስ ደግሞ ታውቅበታለህ።»

ሰው ጠየቀ። ቫይረስ የገደለው ሰው ቤት የገባ ሁሉ ይፈራል። አንዱ በትንፋሽ ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቀው። እሱም መመለስ ሲጀምር ልጅቷ ከወዲያ ሆና፣ «ከመጀመሪያው ጀምርላቸው» አለችው። ቀና ብሎ አያት፤ እየቀለደች አልነበረም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ቡችላ ነክሷት ነበር። ተከተቢ ተብላ ነበር። እኔ ቆዪ አልኳት» አለ። ከዚያም ወደ ጥያቄው ገባ፤ በትንፋሽ አይደለም፤ የታመመ እንስሳ ሲነክስ በለሃጩ ነው የሚተላለፈው።

ልብሷን እናቃጥል ወይ ያሉ ነበሩ። ቡችላ ነክሷት ነበር፤ እኔ ቆዪ አልኳት፤ ልብስ በሳሙና ታጥቦ ይለበሳል። ከዳነ ቁስል ላይ እንዴት ተነሣ ያሉ ነበሩ። ቡችላ ነክሷት ነበር፤ እኔ ቆዪ አልኳት፤ ቁስሉ ሲድን ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እየተጓዘ ነበር። ያቺ ጎረቤት መልሱን ታውቀዋለች፤ ሆኖም አዳዲስ እንግዳ ይዛ እየመጣች አጠገቡ ታስቀምጥ ነበር። ጡረተኛው መምህር መጥተው ምንም ሳይጠይቁ ሊያልፉ ሲሉ ልጅቷ አቆመቻቸው፤ ለእሳቸውም ተናገረ። ሰምተው ሲያበቁ፣ «እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ» አሉና ከባርኔጣቸው በቀር የሚያዩት አጥተው ተቀመጡ። አልሳቁም ነበር፤ ግን ማንም አላረማቸውም።

ፋርማሲስቷ የመጣችው ሰው ሳሳ ሲል ነው። ልጅቷን አቅፋ ቆየች። ከዚያ ወደ ዶክተር ስትዞር እሱ ልማድ ሆኖበት ጀመረ፦ «ቡችላ ነክሷት ነበር…»

«አውቃለሁ» አለችው። «ተወው። ነበርኩ እኮ።»

«ይንገርሽ» አለች ልጅቷ።

«ተከተቢ ብለሻት ነበር» አለ። «እኔ ቆዪ አልኳት። ሕመሙን አውቄው አይደለም። አንቺን ለመርታት ነው።»

«ረትተኸኛል» አለች ፋርማሲስቷ። ጭካኔ አልነበረባትም፤ ሌላ የምትለው ስላጣች ነው። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ተራመደች።

«የት ነው?» አለች ልጅቷ። «እጇን ገልብጦ ሲያሳይሽ አይተሽዋል። ቁስል ስለ ዳነ ነገሩ እንደማያልቅ እሱ አያውቅም ነበር። አንቺ ታውቂያለሽ። እንኳን ዳንሽ ነው ያልሻት።»

ፋርማሲስቷ ቆመች። ዓይኗ ወደ ጥግ የተገፋው የስፌት መኪና ላይ ዐረፈ።

ልጅቷ ከግድግዳው ሥር ሌላ ወንበር አንሥታ፣ ከአጎቷ ወንበር ጎን፣ ጉልበት ለጉልበት እንዲነካካ አድርጋ አስቀመጠችው። የቀሚሷን እጅጌ ዝቅ አደረገች፤ የተወጋችበት ክንዷ ገና ያማታል።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ሰው እየመጣ ነው።»